ጎማው ስንት ጊዜ ይዞራል? መጀመሪያ የትኛው ክብ እንደሆነ ይለይ

ጥያቄ፦ «የ7ኛ ክፍል ልጄ የቤት ሥራ ተሰጥቶት ነበር። "የአንድ ጋሪ ጎማ ሬዲየስ 35 ሳ.ሜ ነው። ጋሪው 1.1 ኪ.ሜ ሲሄድ ጎማው ስንት ጊዜ ይዞራል?" ይላል። እሱ 1,000 አለ፣ ጓደኛው 29 ገደማ አለ፣ መምህራቸው ግን 500 ነው አሏቸው። ከዚያ በልጁ ብስክሌት እንሞክረው ብለን ጎማው ላይ የተጻፈውን 26 ይዘን ብናሰላ፣ መሬት ላይ ከለካነው ጋር አልገጠመም። ስህተቱ የት ላይ ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣስ ከምን ይጀመራል?»

ምላሽ፦

መምህሩ ልክ ናቸው፤ 500 ነው። ሬዲየሱ 35 ከሆነ ዲያሜትሩ 70 ሳ.ሜ ነው። 70 በ22/7 ሲባዛ 220 ሳ.ሜ ይመጣል፤ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሄደው ይህን ያህል ነው። 1.1 ኪ.ሜ ማለት 110,000 ሳ.ሜ ነው። 110,000 ለ220 ሲካፈል 500።

የሁለቱን ልጆች ስህተት ለይቶ ማየት ይጠቅማል፤ ሁለቱ የተሳሳቱት በተለያየ ቦታ ነውና። ልጅዎ 35ን በቀጥታ በ22/7 አባዝቶ 110 አገኘ፤ ማለትም ሬዲየሱን እንደ ዲያሜትር ቆጠረው። ይህ የችኮላ ስህተት ነው፣ በአንድ ቀን ይታረማል። የጓደኛው ግን ጠለቅ ይላል። እሱ 22/7 × 35 × 35 አስልቶ 3,850 ላይ ደረሰ፣ 110,000ን ለዚያ አካፍሎ 28.57 አገኘ። 3,850 ርዝመት አይደለም፣ ስፋት ነው፤ መለኪያውም ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ርዝመት ለስፋት ተካፍሎ የዙር ቁጥር አይወጣም። ሁለቱን ቀመሮች በቃል የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ የትኛው የምን እንደሆነ የሚነግረው ነገር የለውምና።

ማጣሪያው ቀላል ነው። የማንኛውም ክብ ዙሪያ ከዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። ዲያሜትሩ 70 ሳ.ሜ የሆነ ጎማ አንዴ ሲዞር ሁለት ሜትር ከምናምን መሄድ አለበት፣ ማለትም የአዋቂ ሰው ሦስት እርምጃ ገደማ። 1,000 ዙር ያለ ልጅ ጎማው በአንድ ዙር 1.10 ሜትር ብቻ ሄደ ማለቱ ነው፤ 29 ያለው ደግሞ በአንድ ዙር 38 ሜትር አስኬዶታል። አንድ ጊዜ ዞሮ ከቤት እስከ ሱቅ የሚያደርስ የጋሪ ጎማ የለም። ልጁ መልሱን ከመጻፉ በፊት ይህችን ጥያቄ ራሱን ከጠየቀ ግማሹ ስህተት እዚያው ይቀራል።

ለመሆኑ ጎማ አንድ ዙር ሲዞር የዙሪያውን ያህል ርቀት የሚሄደው ለምንድን ነው? ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ በጣሳ ማሳየት ይሻላል። አንድ የወተት ጣሳ ይውሰዱ፣ ጠርዙ ላይ በከሰል ወይም በእስክሪብቶ አንድ ነጥብ ያድርጉ። ነጥቡን ወደታች አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያንከባሉት፤ ነጥቡ ተመልሶ ጠረጴዛውን እስኪነካ ድረስ። በሁለቱ ንክኪዎች መካከል ያለውን በማስመሪያ ይለኩ። ከዚያ በክር ጣሳውን አንድ ጊዜ ዙሩና ክሩን ይለኩ፤ እኩል ናቸው። ጣሳው 10 ሳ.ሜ ዲያሜትር ካለው ሁለቱም 31.4 ሳ.ሜ አካባቢ ይሆናሉ። ጣሳው እየተንከባለለ ዙሪያውን እንደ ክር መሬቱ ላይ ዘረጋው ማለት ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፤ መንሸራተት የለበትም። ጭቃ ውስጥ እየዞረ ባለበት የቀረ የመኪና ጎማ ዙሩ ሺህ ቢሆንም ርቀቱ ዜሮ ነው።

ከዚህ በኋላ ቀመሩ አንድ ብቻ ነው፦ ርቀት = ዙሪያ × የዙር ቁጥር። ከሦስቱ ሁለቱ ሲሰጡ ሦስተኛው ይገኛል። ርቀት ተሰጥቶ ዙር ከተጠየቀ ማካፈል፣ ዙር ተሰጥቶ ርቀት ከተጠየቀ ማባዛት፣ ርቀትና ዙር ተሰጥተው ጎማው ምን ያህል እንደሆነ ከተጠየቀ ርቀቱን ለዙሩ አካፍሎ ዙሪያውን፣ እሱን ለፓይ (22/7 ወይም 3.14 ገደማ) አካፍሎ ዲያሜትሩን ማግኘት። ልጆች «ማባዛት ነው ማካፈል?» ብለው የሚጨነቁት ሦስቱን ስም ሳይጽፉ ቁጥር ስለሚጀምሩ ነው።

አስቸጋሪው ቀመሩ አይደለም፤ «የትኛው ክብ?» የሚለው ነው። በአብዛኛው የኑሮ ጥያቄ ውስጥ ከአንድ በላይ ክብ ተደብቋል። የሚለካው የሚጓዘው ነገር ራሱ የሚሄድበት ክብ ነው እንጂ ለዓይን የቀረበው አይደለም። የእርስዎ ብስክሌት የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ጎማው ላይ 26 × 1.95 ተጽፎ ከሆነ 26 ኢንች የጎማው ዲያሜትር ይመስላል። 26 × 2.54 = 66.04 ሳ.ሜ፤ በፓይ ሲባዛ 207.5 ሳ.ሜ ገደማ። ነገር ግን 26 የሚለው የመደብ ስም ነው ቢባል ይቀላል። በዚህ መደብ የተራራ ብስክሌት ጎማ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 559 ሚ.ሜ ነው፤ ጎማው ጎን ላይ በትንንሽ ፊደል 50-559 የሚል ወይም ተቀራራቢ ጽሑፍ ያገኛሉ። የጎማው ውፍረት 1.95 ኢንች፣ ማለትም 49.5 ሚ.ሜ ነው፤ ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ ይደመራል። 559 + 99 = 658 ሚ.ሜ፤ ዙሪያው 206.7 ሳ.ሜ። ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ጎማው ከታች ስለሚተኛ ይቀንስና 205 አካባቢ ላይ ያርፋል። ያው 26 ቁጥር ያለው ነገር ግን ቀጭን ጎማ ቢገጠምለት ዙሪያው ሌላ ነው። ልጅዎ ቸርኬውን ብቻ ለክቶ ቢሆን ኖሮ 55.9 × 3.14 = 175.5 ሳ.ሜ ያገኝ ነበር፤ በ1.1 ኪ.ሜ ላይ ልዩነቱ ከ85 ዙር በላይ ነው። መሬት የሚነካው ቸርኬው አይደለም፣ የጎማው ውጫዊ ጥርስ ነው።

በትክክል ለመለካት እንዲህ ያድርጉ። ጎማውን ሁልጊዜ እንደሚነፋው አድርገው ይንፉ። ለጥ ባለ መሬት፣ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ላይ፣ የንፋስ መሙያዋን ጫፍ ልክ ወደታች አምጥተው ከሥሯ መሬቱ ላይ በጠመኔ ያስምሩ። ልጁ ብስክሌቱ ላይ ይቀመጥ፤ እርስዎ ይዘው ቀጥ ባለ መስመር ይግፉት። አንድ ዙር ብቻ አይለኩ፤ አሥር ዙር ቆጥረው ጫፏ እንደገና ወደታች ስትመጣ ያስምሩ፣ መካከሉን በሜትር ለክተው ለ10 ያካፍሉ። አንድ ዙር ብቻ ሲለካ በጠመኔው አሰማመር የሚመጣ የ2 ሳ.ሜ ስህተት አንድ መቶኛ ነው፤ አሥር ዙር ላይ ሲሆን ያው 2 ሳ.ሜ ለአሥር ይከፋፈላል። እጁ የሚያወላግድ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ቀጥ ስለማይል ዙሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዱ ሰው አቋራጭ ብሎ ከመሬት እስከ ጎማው መሐል ያለውን ከፍታ ሰው ተቀምጦበት ይለካና በሁለት ፓይ ያባዛል። ይህ ከልክ በታች ይወጣል፤ የጎማው ታች ሲተኛ ከፍታው ይቀንሳል እንጂ የዙሪያው ቆዳ በዚያው መጠን አያጥርም።

205 ሳ.ሜ ካገኙ 1,100 ሜትር ለ2.05 ሲካፈል 536.6 ዙር ነው። በ26 ኢንች ሂሳብ ግን 530 ይመጣል። ያልገጠመላችሁ ይህ ይመስለኛል።

ብስክሌት ላይ ሌላም ወጥመድ አለ፤ «ፔዳሉ ስንት ጊዜ ይዞራል?» ብሎ የሚጠይቅ ጥያቄ። ፔዳልና ጎማ እኩል አይዞሩም። የፊተኛው ማርሽ 44 ጥርስ፣ የኋለኛው 16 ቢኖረው ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ካቴናው 44 ጥርስ ይጎትታል፣ የኋላ ጎማ ደግሞ 44 ÷ 16 = 2.75 ጊዜ ይዞራል። በአንድ የፔዳል ዙር 2.75 × 2.05፣ ወደ 5.64 ሜትር መሄድ ነው። ያ 1.1 ኪ.ሜ ወደ 195 የፔዳል ዙር ይፈልጋል፣ ሳይቋረጥ ከተመታ።

መኪና ላይ ቁጥሩ ሌላ ቋንቋ ይናገራል። ጎሚስታ ቤት የሚጠየቁት 195/65 አር 15 የሚለው ሦስት ነገር ነው፦ የጎማው ወርድ 195 ሚ.ሜ፣ የጎኑ ከፍታ የወርዱ 65 በመቶ፣ የቸርኬው ዲያሜትር 15 ኢንች። ዲያሜትሩ እንግዲህ 381 ሲደመር ሁለት ጊዜ 126.75፣ 634.5 ሚ.ሜ ነው፤ ዙሪያው 1.993 ሜትር። ከፍ እንዲል ብሎ 205/70 የገጠመ ሰው ዲያሜትሩን 668 ሚ.ሜ፣ ዙሪያውን 2.099 ሜትር አደረሰው። የመኪናው ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ የሚቆጥረው ግን ርቀት ሳይሆን ዙር ነው፤ ርቀቱን የሚያገኘው ፋብሪካው በነገረው ዙሪያ እያባዛ ነው። 100 ኪ.ሜ ሲል መኪናው በእውነት 105 ከምናምን ሄዷል። ፍጥነቱም እንዲሁ፤ ቆጣሪው ከሚያሳየው ከአምስት በመቶ በላይ ይፈጥናል። ያረጀና ጥርሱ ያለቀ ጎማ በተቃራኒው ነው፦ ዙሪያው ስላጠረ ቆጣሪው ያበዛል።

«የትኛው ክብ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚያምረው ግን ሩጫ መም ላይ ነው። የዓለም አትሌቲክስ መደበኛ ባለ 400 ሜትር መም ሁለት ቀጥታዎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 84.39 ሜትር፤ ሁለቱ ጫፎች ግማሽ ክብ ናቸው፣ የውስጠኛው ጠርዝ ሬዲየስ 36.50 ሜትር። ሁለት ግማሽ ክብ አንድ ሙሉ ክብ ነው። ልጁ 2 × 3.1416 × 36.50 ብሎ 229.34 ያገኛል፣ ሁለቱን ቀጥታ 168.78 ይደምራል፣ 398.12 ይመጣል። 400 አልሞላም! መሙ የተሳሳተ አይደለም። ሯጭ ከፍ ያለውን ጠርዝ እየረገጠ አይሮጥምና፣ 1ኛው መስመር የሚለካው ከጠርዙ 30 ሳ.ሜ ወደ ውጭ ነው። ሬዲየሱ 36.80 ይሆናል፤ ዙሪያው 231.22፤ ከ168.78 ጋር ልክ 400።

2ኛው መስመር ላይ የሚያስፈራ ከፍ ያለ ጠርዝ የለም፣ ቀለም ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚለካው ከመስመሩ 20 ሳ.ሜ ገባ ብሎ ነው። አንድ መስመር 1.22 ሜትር ስለሚሰፋ ሬዲየሱ 36.50 + 1.22 + 0.20 = 37.92 ነው። አንድ ዙር 407.04 ሜትር ይሆናል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መስመር 2 × 3.1416 × 1.22፣ ማለትም 7.67 ሜትር ይጨምራል፤ 8ኛው 453.03 ላይ ይደርሳል። በ400 ሜትር ውድድር ሯጮች ደረጃ በደረጃ ወደፊት ተገፍተው የሚነሱት ይህን ለማካካስ ነው። ለጤና ብሎ 8ኛው መስመር ላይ አሥር ዙር የሮጠ ሰው 4 ኪሎ ሜትር ሳይሆን ከ4.5 በላይ ሮጧል፤ ሰዓቱን አይቶ አቅሜ ወረደ ብሎ ማዘን የለበትም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት፦ ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26፡17.53 ሲሮጥ 25 ዙር ነበር። ያንን 25 ዙር በሙሉ በ2ኛው መስመር ቢሄድ 25 × 7.04 = 176 ሜትር ይጨምር ነበር፤ በዚያ ፍጥነት ወደ 28 ሰከንድ ነው። ረጅም ርቀት ሯጮች ለውስጠኛው መስመር የሚጋፉት በከንቱ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያምነው ነገር አለ። ያ 7.67 ሜትር ከክቡ ትልቅነት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሬዲየስ በ1.22 ካደገ ዙሪያ በ7.67 ያድጋል፣ ክቡ መምም ይሁን የምድር ወገብ። ምድርን በወገቧ በገመድ ጠቅልለው ገመዱን አንድ ሜትር ብቻ ቢያስረዝሙት፣ በሁሉም በኩል ከመሬት ወደ 16 ሳ.ሜ ከፍ ይላል። 1 ለ6.28 አካፍለው ይዩት፤ ቀመሩ ውስጥ የምድር ሬዲየስ አይገባም።

የጉድጓድ ውሃም ይህችው ጥያቄ ናት። ገመዱ የሚጠቀለልበት ግንድ 20 ሳ.ሜ ዲያሜትር አለው፣ ገመዱ 2 ሳ.ሜ ይወፍራል፣ ባልዲው 12 ሜትር ይወርዳል፤ እጀታው ስንት ጊዜ ይዞራል? በግንዱ ብቻ ቢሰላ 12 ለ0.628፣ 19 ዙር ነው። ገመዱ ግን የሚጠቀለለው በራሱ መሐል በሚያልፈው ክብ ላይ ነው፤ ከግንዱ በእያንዳንዱ በኩል 1 ሳ.ሜ ይርቃል። ዲያሜትሩ 22፣ ዙሪያው 69.1 ሳ.ሜ፣ ዙሩ 17.4 ይሆናል። ግንዱ 40 ሳ.ሜ ርዝመት ካለው 20 ጥቅል ጎን ለጎን ይይዛልና ይህ ይበቃል። አጭር ከሆነ ገመዱ በገመዱ ላይ ይወጣል፣ ሁለተኛው ንብርብር በሰፊ ክብ ስለሚዞር የዙሩ ቁጥር ይቀንሳል፣ እጀታውም ይከብዳል።

የሰዓት ቆጣሪ ጥያቄ ቀላል ነው፣ ሬዲየሱ የቆጣሪው ርዝመት ስለሆነ። የደቂቃው ቆጣሪ 10.5 ሳ.ሜ ከሆነ ጫፉ በሰዓት 66 ሳ.ሜ ይሄዳል፣ በ20 ደቂቃ ሲሶውን፣ 22 ሳ.ሜ። ልጆች የሚሳሳቱት በትንሹ ቆጣሪ ነው፤ እሱ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ይዞራል። ጠዋት 2 ሰዓት ትምህርት ቤት ገብቶ 8 ሰዓት የወጣ ልጅ ግማሽ ዙር ቆጥሯል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 8 እና 14 ብንለውም ቆጣሪው የሄደው ያው ግማሽ ክብ ነው።

አደባባይ ላይ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ሦስት አራተኛ ክብ ይዞራል። የመሐሉ ደሴት 40 ሜትር ዲያሜትር ካለውና መኪናው ከጠርዙ 3 ሜትር ርቆ ከሄደ ሬዲየሱ 23 ነው፤ 144.5 በ0.75፣ ወደ 108 ሜትር።

አጥር ሌላ ወጥመድ ነው። 14 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ጓሮ ዙሪያው 44 ሜትር ነው፤ በየ2 ሜትሩ ቋሚ ከተተከለ 22 ቋሚ ይበቃል። ቀጥ ያለ 44 ሜትር አጥር ግን 23 ይፈልጋል። በክብ ላይ የመጨረሻው ክፍተት የሚያልቀው መጀመሪያው ቋሚ ላይ ስለሆነ ተጨማሪ አንድ አይገዛም። ሽቦው ሦስት ረድፍ ከሆነ 132 ሜትር ነው፤ ለማሰሪያና ለመጠምዘዣ ትርፍ ይያዝ።

በፓይ ዋጋ ላይ ብዙ አትጨናነቁ። 22/7 ከእውነተኛው በጥቂቱ ይበልጣል፣ 3.14 በጥቂቱ ያንሳል፤ በ10 ኪ.ሜ ላይ የመጀመሪያው 4፣ ሁለተኛው 5 ሜትር ያህል ያዛባሉ። የጎማው ነፋስ ማነስ ከዚህ በላይ ያዛባል። ጥያቄው ውስጥ 7፣ 14፣ 35፣ 10.5 ዓይነት ቁጥር ካለ 22/7 ይጠፋፋልና እሱን ይያዝ፤ ጥያቄው ራሱ «ፓይ = 3.14» ካለ ግን ያንኑ ይጠቀም፤ መልሱ ከመምህሩ ጋር የማይገጥመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መለኪያ ግን ምሕረት የለውም። ከማካፈል በፊት ሁለቱም ሳንቲ ሜትር ወይም ሁለቱም ሜትር መሆን አለባቸው፤ 1.1ን ለ220 ያካፈለ ልጅ 0.005 ያገኛል፣ ጎማውም ሳይነቃነቅ ትምህርት ቤት ደረሰ ማለት ነው።

የቀረው ከነጥብ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ነው። 536.6 ዙር ሲመጣ ወደየት ይጠጋጋል? የጥያቄውን ቃል ይዩ። «ስንት ሙሉ ዙር ዞሯል?» ካለ 536 ነው፤ 537ኛው አልሞላም። «ለመድረስ ቢያንስ ስንት ዙር ያስፈልጋል?» ካለ 537፤ 536 ላይ ከቆመ ከደጃፉ 1.20 ሜትር ይቀረዋል።